የባክቴሪያውን ስም ከመፃፋችሁ በፊት፦ ከየትኛው ስትሬን ጋር ነው የምታወዳድሩት?

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ። ይሄን የምፅፈው በተለይ እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ላብ ውስጥ ከአፈር፣ ከእርጎ፣ ከጠላ፣ ከቦርከና ውሃ ባክቴሪያ እያወጣችሁ "ይሄ አሁን ስሙ ማነው?" እያላችሁ ለምትለፉ ልጆች ነው። በየአመቱ አንድ አይነት ስህተት አያለሁ፣ ስህተቱ ደግሞ የስንፍና አይደለም፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው ስለሌለ ነው። አይሶሌት (ከናሙናው ተለይቶ ያደገ ንፁህ ባክቴሪያ) ማውጣቱን ያውቁበታል፣ ግራም ስቴይኑን ያውቁበታል፣ ሲኩዌንስ ልከው ውጤት ተቀብለዋል፣ ከምን ጋር ላወዳድረው የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ብላስት (ሲኩዌንስ የሚያፈላልገው የኢንተርኔት መሳሪያ) ከላይ ያወጣላቸውን ስም አንስተው ይለጥፋሉ። የስንት ወር ልፋት እዛች ጋ ነው የሚበላሸው።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ መስከረም ላይ ባቄላው አበባ ሲይዝ ከኩታበር በኩል ከማሳ የነቀለችውን ስር በፌስታል ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ስሩ ላይ ካሉት እባጮች አንዷን በጥፍሯ ስንጥቅ ስታደርጋት ውስጧ ሮዝ ወደ ቀይ የሚያደላ ነው፣ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀለሙ ከሌግሄሞግሎቢን ነው የሚመጣው፣ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ እየቀየረች ያለች ኖድዩል ማለት ናት። ነጭ ወይ አረንጓዴ ከሆነች አትልፉባት። ከዛ አጥባ፣ በአልኮልና በበረኪና አፅድታ፣ በንፁህ ውሃ ደጋግማ አለቅልቃ፣ ጨፍልቃ የይስት ማኒቶል አጋር ላይ ዘረጋችው፣ በ28 ዲግሪ ከሶስት አራት ቀን በኋላ ነጫጭ ሙጫ የመሰሉ ኮሎኒዎች ወጡ። እስከዚህ ድረስ አንድም የሚነቀፍ ነገር የለባትም።

ከወራት በኋላ ውጤቱን ስታሳየኝ አስራ አራቱም አይሶሌት "ሪዞቢየም ሌጉሚኖሳረም" ተብለዋል (ሪዞቢየም እነዚህን የስር እባጮች የሚሰራው ባክቴሪያ ነው)፣ ማወዳደሪያዋ ደግሞ 3841 የሚባለው ስትሬን፣ ማለት በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ አንድ የተለየ የባክቴሪያ ዘር፣ ነው። ለምን እሱን መረጥሽ ስላት "ቲቸር፣ ሙሉ ጂኖሙ ያለው እሱ ነው፣ ሁሉም ፔፐር ላይ አለ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የ3841 ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው የወጣው፣ የባቄላና የአተር ሪዞቢየም ጥናት ላይ ከሱ በላይ የታወቀ የለም። ግን 3841 ሌጉሚኖሳረም የሚለው ስም ባለቤት አይደለም። የስሙ ባለቤት ዩኤስዲኤ 2370 የሚባል ሌላ ስትሬን ነው። ይባስ ብሎ እነዚህ ሁለቱ በጂኖም ሲለኩ አንድ ዝርያ ለመባል የሚጠየቀውን ልክ አያሟሉም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ሌጉሚኖሳረም የሚባለው መንጋ ቢያንስ 18 ጂኖስፒሺስ (በጂኖም የተለየ ዝርያ) ሆኖ ተከፍሏል፣ 3841 ጂኖስፒሺስ ቢ ውስጥ ነው፣ ዩኤስዲኤ 2370 ጂኖስፒሺስ ኢ ውስጥ። ስለዚህ ልጅቷ ያረጋገጠችው የሷ ባክቴሪያ ከ3841 ጋር መመሳሰሉን ነው እንጂ ሌጉሚኖሳረም መሆኑን አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው፣ ታይፕ ስትሬንና ሪፈረንስ ስትሬን። ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ነው የሚጠራቸው።

ታይፕ ስትሬን ማለት የዝርያው ስም የታሰረበት ችካል ነው በሉት። በቅሎ ችካል ላይ ታስራ ገመዱ እስከሚደርስላት ድረስ ትግጣለች አይደል፣ ስሙም እንደዛ ነው፣ ከችካሉ ተነስታችሁ ገመዱ የሚደርሰው ድረስ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ ያንን ስም ይይዛል፣ ገመዱ የማይደርስበት ሌላ ስም ይፈልጋል። ልብ በሉ፣ ችካሉ የግድ የሳሩ መሀል ላይ አይተከልም። የፕሮካሪዮት ስያሜ አለም አቀፍ ኮድም ይሄንኑ ነው የሚለው፣ ታይፕ የሆነው ስትሬን የዝርያው ዋና ወኪል ወይ በጣም "የተለመደው" መሆን አይጠበቅበትም፣ ስሙ እሱ ላይ ስለታሰረ ብቻ ነው ታይፕ የሆነው። ይሄን ያልገባው ሰው ነው "ታይፕ ስትሬኑ ደካማ ነው፣ ቶሎ አያድግም፣ ሌላ የተሻለ ልጠቀም" የሚለው። ሌላው የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ ስሙ ግን እሱ ጋ የለም።

ሪፈረንስ ስትሬን የሚባለው ደግሞ ታይፕም ኒዮታይፕም (የጠፋ ታይፕ ምትክ) ሳይሆን ለማወዳደሪያ የምንጠቀምበት ሌላ ማንኛውም ስትሬን ነው፣ ለሴሮሎጂ ይሁን፣ ለኬሚካል ምርመራ፣ ለታክሶኖሚ ጥናት። ኮዱ በስያሜ ላይ ምንም ስልጣን አይሰጠውም። ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም፣ ስራው ሌላ ስለሆነ ነው።

ሆስፒታል ላብ የምትሰሩ ይሄ ቶሎ ይገባችኋል። ለአንቲባዮቲክ ምርመራ የየእለቱ ኮንትሮላችሁ ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 ነው (ኤቲሲሲ የአሜሪካው የባክቴሪያ ኮሌክሽን ነው፣ ቁጥሩ የስትሬኑ)፣ ስታፍ ደግሞ ኤቲሲሲ 25923፣ ሱዶሞናስ ኤቲሲሲ 27853። ሶስቱም ታይፕ አይደሉም! የኢ. ኮላይ ታይፕ ኤቲሲሲ 11775 ነው፣ የስታፊሎኮከስ ኦውረስ ኤቲሲሲ 12600፣ የሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ኤቲሲሲ 10145። 25922ን የምንጠቀመው የአንቲባዮቲኩ ዲስክ ዙሪያ የሚሰጠው ዞን (ባክቴሪያ የማያድግበት ክብ) ስንት ሚሊሜትር መሆን እንዳለበት ሰንጠረዥ ስላለው ነው፣ ዲስካችሁና ሚዲያችሁ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ) ልክ መሆኑን ይነግራችኋል፣ ለዛ ስራ ታይፑን ብታመጡት ምንም አያደርግላችሁም። አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው ማሽን) መሞከሪያው ስፖር እንኳን እንደዛው ነው፣ የጂኦባሲለስ ስቲሮቴርሞፊለስ የታወቀው ኢንዲኬተር ኤቲሲሲ 7953 ሲሆን የዝርያው ታይፕ ግን ኤቲሲሲ 12980 ነው። ስለዚህ ስትሬን ከመምረጣችሁ በፊት ጥያቄያችሁን ወረቀት ላይ ፃፉት። "ይሄ ባክቴሪያ ስሙ ማነው" ከሆነ ታይፕ ስትሬን፣ ሌላ መንገድ የለውም። "ሚዲያዬ ሰርቷል ወይ፣ ዲስኬ ልክ ነው ወይ" ከሆነ ለዛው የተመደበው የኮንትሮል ስትሬን። "ይሄ ባክቴሪያ ባቄላውን ከተለመደው ባዮማዳበሪያ የበለጠ ያሳድገዋል ወይ" ከሆነ ደግሞ ገበያ ላይ ያለው የባቄላ ባዮማዳበሪያ ውስጥ ያለው ስትሬን። ሶስቱ ጥያቄዎች አንድ ቴሲስ ውስጥ ካሉ ሶስት አይነት ስትሬን ያስፈልጋችኋል፣ በአንዱ ሶስቱን ልመልስ ብትሉ አንዱም አይመለስም።

እሺ፣ ጥያቄው የስም ነው እንበል፣ ታይፑን እንዴት እናግኘው? መጀመሪያ የምትሄዱት ኤልፒኤስኤን የሚባለው የባክቴሪያ ስሞች ድረገፅ ላይ ነው፣ በነፃ ነው የሚከፈተው፣ አሁን ዲኤስኤምዜድ የሚባለው የጀርመኑ የባክቴሪያ ኮሌክሽን ነው የሚያስተዳድረው። የዝርያውን ስም ስትፅፉ ሶስት ነገር እዩ። አንደኛ ስሙ በህጋዊ መንገድ የታተመ ነው ወይ፣ ምክንያቱም የባክቴሪያ ስም እንደ አዲስ የተቆጠረው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1980 ጀምሮ ነው፣ ያኔ በወጣው የፀደቁ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ያልገባና ከዛ በኋላም በደንቡ ያልታተመ ስም ፔፐር ላይ ቢኖርም ህጋዊ አይደለም። ሁለተኛ ስሙ ተቀይሯል ወይ። እርጎ ላይ የምትሰሩ ይሄ እናንተን ይመለከታል፣ ላክቶባሲለስ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 25 ጂነስ ተበትኗል፣ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ስትሉት የኖራችሁት አሁን ላክቲፕላንቲባሲለስ ፕላንታረም ነው፣ ስሙ ይቀየር እንጂ ታይፑ ያው ኤቲሲሲ 14917 ነው፣ ችካሉ አልተነቀለም። ሶስተኛ የታይፑ ቁጥሮች። እዛ ላይ አንድ ስትሬን በእኩል ይሆናል ምልክት የተያያዙ ብዙ ቁጥሮች አሉት፣ ለምሳሌ የኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 11775 ጀርመን ሲሄድ ዲኤስኤም 30083፣ እንግሊዝ ሲሄድ ኤንሲቲሲ 9001 ይባላል፣ አንድ ሰው ሶስት ቀበሌ ተመዝግቦ ሶስት መታወቂያ እንደያዘ ቁጠሩት። ፔፐር ላይ ሲፃፍ ከቁጥሩ ጫፍ ከፍ ብላ የምትቀመጥ ትንሽዬ የላቲን ቲ አለች፣ ታይፕ ነው ማለቷ ነው፣ እሷን ፈልጉ፣ በራሳችሁ ፅሁፍም አትርሷት።

ቁጥሩን ካገኛችሁ ሲኩዌንሱን አውርዱ። የስትሬኑን ጠርሙስ መግዛት የግድ ላይሆን ይችላል፣ ለዛፍ (ባክቴሪያዎቹ እንዴት እንደሚዛመዱ ለሚያሳየው ስእል) መስሪያ ሲኩዌንሱ ይበቃል፣ እሱ ደግሞ ነፃ ነው። ብላስት ስትጠቀሙ ፍለጋውን ከታይፕ ማቴሪያል በተገኙ ሲኩዌንሶች ብቻ ገድበው የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለ፣ እሱን ንኩት። ሳትነኩት ከቀራችሁ የሚመጣላችሁ ማንም ተማሪ የፈለገውን ስም ሰጥቶ የጫነው ሲኩዌንስ ነው፣ የሱን ስህተት ወርሳችሁ እናንተም ትጭናላችሁ፣ ቀጣዩ ከእናንተ ይወስዳል፣ እንደዚህ እያለ የተሳሳተ ስም ሲዞር ይኖራል።

ስንት ታይፕ ልሰብስብ ለሚለው፣ የምትጠረጥሩትን አንዱን ብቻ አትያዙ፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ ጥሩ። ለባቄላ ብሆን የምሰበስበው ዩኤስዲኤ 2370ን ለሌጉሚኖሳረም፣ ከዛ ዲኤስኤም 30132ን ለሪዞቢየም ፒሲ፣ ሲሲቢኤዩ 33202ን ለሪዞቢየም ፋቤ፣ ኤፍቢ 206ን ለሪዞቢየም ላጌሬ፣ ሲሲቢኤዩ 23252ን ለሪዞቢየም አንሁየንሴ፣ ሲኤፍኤን 42ን ለሪዞቢየም ኤትሊ ነው፣ ከነሱ ራቅ ያለ አንድ ደግሞ ለዛፉ ስር መያዣ። ፋቤ፣ ላጌሬና አንሁየንሴ ከባቄላ የተገኙ ናቸው፣ ስለዚህ "ባቄላ ላይ ኖድዩል ሰራ፣ ሌጉሚኖሳረም ነው" የሚለው አነጋገር አይሰራም። ኖድዩል የሚያሰሩት ጂኖች አብዛኛውን ጊዜ ያሉት ከዝርያ ዝርያ መሻገር የሚችል ፕላስሚድ (ከዋናው ክሮሞዞም ውጪ ያለ ዲኤንኤ) ላይ ነው፣ "ቪሲዬ" የሚለው የሲምባዮቫር ተቀፅላም ባክቴሪያው ከማን ጋር እንደሚጋባ ይነግራችኋል እንጂ የማን ልጅ እንደሆነ አይነግራችሁም። 3841ንም ዛፉ ላይ ማስገባት ትችላላችሁ፣ እንደ ሪፈረንስ ፅፋችሁ፣ ያችን ትንሽ ቲ ሳትሰጡት።

16ኤስ ላይ (ባክቴሪያ ለመለየት በብዛት የሚነበበው ጂን ነው) ብዙ አትመኩ። ከ98.7 በመቶ በታች ከሆነ ከታይፑ የተለየ ዝርያ መሆኑ ብዙም አያጠራጥርም፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግን አንድ ዝርያ ነው ማለት አይደለም፣ ይሄን ገልብጠው የሚያነቡት ብዙ ናቸው። እነዚህ የባቄላ ሪዞቢየሞች በ16ኤስ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም ማለት ይቀላል፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ፊደል ውስጥ የሚለያዩበት ምንም የለም ወይ ጥቂት ነው። ሬክኤ፣ ኤቲፒዲ፣ ግሊንቱ የሚባሉትን ጂኖች ጨምሩ። ጂኖም ማሰራት ከቻላችሁ ደግሞ ከታይፑ ጂኖም ጋር ኤኤንአይ ስሩ፣ ማለት ሁለቱ ጂኖሞች በአማካይ ስንት በመቶ እንደሚመሳሰሉ ለኩ፣ ከ95 እስከ 96 በመቶ ያለው ነው ድንበሩ፣ ዲጂታል ዲዲኤች የሚባለው ሌላው የጂኖም ልኬት ከሆነ 70 በመቶ። የበቅሎዋ ገመድ ያልኳችሁ ይሄው ነው፣ ልኬቱ ሁሌም የሚጀምረው ከታይፑ ነው፣ ከአንዱ አይሶሌት ወደ ሌላው አይሶሌት ለክታችሁ ስም አትሰጡም።

አሁን በጣም የምወደውንና ተማሪ ባገኘሁ ቁጥር የምነግረውን ታሪክ ልንገራችሁ። ቅድም በእኩል ይሆናል ምልክት የተያያዙ ቁጥሮች አንድ ስትሬን ናቸው ብያለሁ። መሆን አለባቸው። የሌጉሚኖሳረም ታይፕ አሜሪካ ውስጥ ኤቲሲሲ 10004 እና ዩኤስዲኤ 2370 ተብሎ ተቀምጧል፣ ጀርመን ያለው ቅጂ ደግሞ ዲኤስኤም 30132 ነበር ቁጥሩ፣ ሰው ሁሉ አንዱን ወይ ሌላውን እያዘዘ "ከታይፑ ጋር አወዳደርኩ" እያለ ስንት ጊዜ ፃፈ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ጂኖቻቸውን ሲያዩ ለካ የተለያዩ ናቸው! ዲኤስኤም 30132 ሌጉሚኖሳረም አልነበረም፣ ራሱን የቻለ ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘና ሪዞቢየም ፒሲ የሚል ስም ወጣለት፣ ቅድም ዝርዝሬ ውስጥ ያያችሁት እሱ ነው። እስቲ አስቡት፣ ከዛ በፊት ጀርመን ያለውን አዝዞ የሰራ ሰው እጁ ላይ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ካታሎጉን አምኖ ነው፣ ግን ያወዳደረው ከሌላ ዝርያ ጋር ነው። ስለዚህ የመጣላችሁ ጠርሙስ ላይ የተፃፈው ምንም ይሁን ምን፣ ከየትም ይምጣ፣ ከጓደኛ ላብም ይሁን ከውጪ፣ አሳድጋችሁ ዲኤንኤውን አውጡና ሬክኤውን አስነብባችሁ ከታተመው ሲኩዌንስ ጋር አስተያዩት። አንድ ቱቦ ሲኩዌንስ ነው ተጨማሪ ወጪው። እኛ ጋ አንድ ጊዜ "ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ" ብቻ የሚል፣ ቁጥር የሌለው፣ ማን እንደሰጠን የማይታወቅ ስላንት (ባክቴሪያ ያደገበት ቱቦ) ፍሪጅ ውስጥ አግኝቼ የሶስት ተማሪ ስራ በሱ ተሰርቶ ነበር። ቁጥር የሌለው ስትሬን ስትሬን አይደለም፣ ጣሉት።

የእርጎ ሰዎችም የራሳችሁ ታሪክ አላችሁ። ላክቶባሲለስ ኬሲ ሲባል የኖረው (አሁን ላክቲኬሲባሲለስ ኬሲ) ታይፑ ኤቲሲሲ 393 ነው፣ ችግሩ ኤቲሲሲ 393 ሰዎች ኬሲ እያሉ ከሚጠሯቸው ከብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ራቅ ያለ ነው። ስለዚህ "ታይፑን ወደ ኤቲሲሲ 334 እንቀይረው፣ እሱ ነው አብዛኛውን የሚመስለው" የሚል ጥያቄ ቀረበ፣ ክርክሩ አመታት ፈጀ፣ በመጨረሻ የስያሜው የዳኝነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 አይሆንም አለ፣ 393 ታይፕ ሆኖ ይቀጥላል፣ እነ 334 ፓራኬሲ ናቸው። እኔ ውሳኔው ልክ ነው ባይ ነኝ። ችካሉ እየተነቀለ ሳሩ ወዳማረበት የሚተከል ከሆነ ስም የሚባል ነገር አይኖርም። ለእናንተ ተግባሩ ምንድነው፣ አይሶሌታችሁ 334ን ስለመሰለ ኬሲ ብላችሁ አትፃፉ፣ 393ን ይምሰል።

ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። ዛፍ ብቻ ሳይሆን የእድገት ምርመራም የምትሰሩ ከሆነ፣ ማለት በስንት ዲግሪ ያድጋል፣ ስንት ጨው ይችላል፣ የትኛውን ስኳር ይበላል የሚለውን፣ ታይፑን ከፔፐር ላይ ገልብጣችሁ አታወዳድሩ፣ ራሱን አምጥታችሁ ከእናንተው አይሶሌት ጎን፣ በአንድ ቀን በተሰራ ሚዲያ፣ በአንድ ኢንኩቤተር አሳድጉት። ለምን እንደሆነ ሀረጎን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ደሴ ላይ ጃኬት ለብሳችሁ ትነሱና ኮምቦልቻ ስትደርሱ ታወልቁታላችሁ፣ መንገዱ ሀያ ምናምን ኪሎሜትር ነው። ኢንኩቤተር ሲበላሽ ያንኑ ባክቴሪያ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ኮምቦልቻ በሶስት ቀን የሚወጣው ደሴ ሳምንት ይፈጃል። ጀርመን የተፃፈውን "በሶስት ቀን ያድጋል" እዚህ ካለው ጋር አወዳድራችሁ "የኔ ቀርፋፋ ነው" ብትሉ የለካችሁት የደሴን ብርድ ነው።

አውቶክሌቩም ከፍታውን ያውቃል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲል ውስጡ 121 ሳይሆን ወደ 116 ዲግሪ አካባቢ ነው ያለው፣ 121ን ለማግኘት ወደ 19 ፒኤስአይ ይፈልጋል። ስለዚህ በቴርሞሜትሩ ሂዱ እንጂ በግፊቱ አትሂዱ፣ ማሽኑ የሚችለውን መጠን ሳታዩ ደግሞ ግፊት እንዳትጨምሩ። ሚዲያው በደንብ ሳይበስል ቀርቶ ስፖር የሚሰራ ባሲለስ ከታይፕ ስትሬናችሁ ጋር አብሮ ቢበቅል ስንት ተለፍቶ የመጣው ስትሬን ተበከለ ማለት ነው።

ስትሬኑ ደርቆ የታሸገበት የብርጭቆ አምፑል ሲመጣ እንዲህ አድርጉ። ወረቀቱን አንብቡ፣ ሚዲያውና ሙቀቱ እዛ ላይ አለ። አንገቱን በአልኮል ጠርጋችሁ በንፁህ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) ሸፍናችሁ ስበሩት፣ ብርጭቆው እጅ ይቆርጣል ዱቄቱም ይበናል። ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ብሮዝ (ፈሳሽ ሚዲያ) ጨምራችሁ ለጥቂት ደቂቃ አርጥቡት፣ ከዛ ግማሹን ብሮዝ ውስጥ ግማሹን ፕሌት ላይ። ሪዞቢየም ከሆነ ታገሱ፣ ከደረቀ የነቃ ባክቴሪያ ከተለመደው በላይ ይዘገያል። ከመጀመሪያው ንፁህ እድገት ወዲያው በ20 በመቶ ግሊሰሮል አስር ምናምን ቱቦ ሞልታችሁ ከዜሮ በታች 80 አስቀምጡ፣ እነዚህ እናት ስቶክ ናቸው፣ አንዷን ብቻ እያወጣችሁ ለስራ ተጠቀሙ። ከፕሌት ወደ ፕሌት ከአምስት ጊዜ በላይ አታዟዙሩ። ሪዞቢየም በተለይ ብዙ ሲገላበጥ ያንን ፕላስሚዱን ሊጥል ይችላል፣ ከዛ ባቄላ ላይ ስትሞክሩት ኖድዩል አልሰራም ብላችሁ ግራ ትጋባላችሁ፣ ስሙ ግን ያው ነው፣ የተቀየረው ስራው ነው።

በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ መብራት ሲጠፋ እኛም የነበረን ሁሉ ሄደ። አራት አመት ሙሉ ከደሴ ዙሪያ፣ ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ የሰበሰብናቸው አይሶሌቶች፣ ፍሪዘሩን ስከፍተው ሽታው ብቻ ነው የቀረው። ሁሉም እዛች አንድ ፍሪዘር ውስጥ ነበሩ። ሲኩዌንሳቸው አለ፣ ፎቷቸው አለ፣ እነሱ የሉም፣ ማንም ሰው "እስቲ ያንን ስትሬን ላከልኝ" ቢለኝ የምልከው የለኝም። ከዛ በፊት ኮዱ ላይ አንድ አንቀፅ ሳነብ ወረቀት ማብዛት ነበር የሚመስለኝ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2001 ጀምሮ አዲስ ዝርያ የሚሰይም ሰው ታይፕ ስትሬኑን በህይወት ያለ ሆኖ በሁለት የተለያዩ አገሮች ባሉ ለህዝብ ክፍት በሆኑ ኮሌክሽኖች ማስቀመጥ አለበት ይላል። ሁለት ፍሪዘር፣ ሁለት ከተማ አላለም፣ ሁለት አገር ነው ያለው። አሁን ቃል በቃል ነው የገባኝ።

እና ይሄ ለእናንተም ሊመጣ ይችላል። ታይፖቹን ሁሉ ሰብስባችሁ፣ ኤኤንአይ ሰርታችሁ፣ አይሶሌታችሁ ከሁሉም ከ95 በታች ሆኖ ከቀረ አዲስ ዝርያ ይዛችሁ ሊሆን ይችላል፣ እኛ አገር አፈር ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ ከቦሎቄ ኖድዩል የተገኘው ሪዞቢየም ኢቲዮፒከም ስሙ ራሱ ይናገራል። ያን ጊዜ ታይፕ መራጮች እናንተ ናችሁ። አንድ አይሶሌት ብቻ ይዛችሁ አትሩጡ፣ ከተለያየ ማሳ የተገኙ ሶስት አራት የሚመሳሰሉ ቢኖሯችሁ ይሻላል፣ ከነሱ ውስጥ በጣም ንፁህ የሆነውን፣ ደርቆ ሲነሳ የሚነቃውን፣ ጂኖሙ በደንብ የተነበበውን፣ የተገኘበት ቦታና ቀን በትክክል የተመዘገበውን ምረጡ። ውብ ኮሎኒ ያለው ግን ሁለቴ ቀዝቅዞ ሁለቴ የሞተው አይሁን፣ ታይፕ ቢጠፋ በኒዮታይፕ ለመተካት ሀሳብ አሳትሞ ሁለት አመት መጠበቅ ነው።

ወደ ውጪ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝሀ ህይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሰረት የጄኔቲክ ሀብት ዝም ብሎ በፖስታ አይወጣም። ይሄን ከስራው መጨረሻ ላይ አታምጡት፣ ፕሮፖዛል ስትፅፉ ጀምሩት፣ ምክንያቱም ኮዱ ታይፑ ለሌላ ተመራማሪ የሚገኝ መሆን አለበት ስለሚል ፈቃዱ ላይ ያለው ሁኔታና ኮሌክሽኑ የሚጠይቀው ሁኔታ መጣጣም አለባቸው፣ ሳይጣጣሙ ከቀሩ ስሙ ህጋዊ አይሆንላችሁም። ስሙን በቦታ ካወጣችሁት ሪዞቢየም በላቲን ገለልተኛ ፆታ ስለሆነ መጨረሻው "ኤንሴ" ነው የሚሆነው፣ "ኤንሲስ" አይደለም፣ ሪዞቢየም ደሲየንሴ ብሎ የሚመጣልኝን ተማሪ እየጠበቅኩ ነው።

ያቺ የኩታበሯ ልጅ ዛፏን እንደገና ሰርታዋለች፣ በታይፖቹ። ከአስራ አራቱ ከዩኤስዲኤ 2370 ጋር የቆሙት አምስት ብቻ ሆኑ፣ ስድስቱ ላጌሬ ጋ ሄዱ፣ ሶስቱ ማንም ጋ አልተጠጉም። ሶስቱን ጂኖም ለማሰራት ብር እያፈላለገች ነው፣ እስከዛው ስማቸውን "ሪዞቢየም ኤስፒ."፣ ማለት ዝርያው ያልታወቀ ሪዞቢየም፣ ብላ ነው የተወችው። እናት ስቶኩን በሶስት ከፍለነዋል፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ ቱቦዎቹ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ የአይሶሌት ቁጥር፣ ቀን፣ ስንተኛ ሰብካልቸር እንደሆነና የሷ ስም መጀመሪያ ፊደል ተፅፏል።